መዓዛው ከጓሮ፣ ወጡ ከአይሱዙ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቀይ ወጥ ሊሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሉካንዳ ቤቱን አይደለም፤ ሰማዩን ነው። ሌላው አገር ክረምትና በጋ አለው፤ እኛ ያለን ዝናብና የዝናብ ዋዜማ ነው። ሰኞ የታጠበ ሸሚዝ ሐሙስም ገመዱ ላይ ነው። ጨው ዕቃው ውስጥ ረጥቦ ይጋገራል። ክብሪት አምስት ተጭሮ አንዱ ቢበራ ነው። እንጨትማ ተዉት! ከላይ ደርቋል ብለው የገዙት እንጨት ምድጃ ሲገባ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ያፏጫል፤ ጭሱም ሽንኩርት እስኪከተፍ ሳይጠብቅ ያስለቅሳል።

ኤሌክትሪክ ምድጃስ የሚል አይጠፋም። አለ። ግን ኤሌክትሪክ ምድጃ ወጥ ያስጀምራል እንጂ ለመጨረሱ ዋስ አይሆንም። ሽንኩርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ መብራት ይሄዳል፤ ግማሽ የተቁላላ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም አይደል ብስልም አይደል፣ አይበሉት አይጥሉት። ስለዚህ ነገር የገባው የግቢያችን ሰው ምድጃውን ለሻይ ትቶ ለወጥ የቡና እንጨት ያስቀምጣል።

የቡና እንጨት ሲባል እንግዳ ይደነግጣል። ቡና ይማገዳል እንዴ? ይማገዳል። የቡና ዛፍ አርጅቶ ፍሬው ሲያንስ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶለት ይቆረጣል፤ ጉንደላ ይባላል። ጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፣ ግንዱ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ጠንካራ እንጨት ነው፤ ነበልባሉ አይቸኩልም፣ ፍሙ ይቆያል። ከእኛ ብዙም ከማይርቀው ከጌሻ ጫካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ገብቷል፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ፓናማ በተደረገ ውድድር አንደኛ ወጥቶ በጨረታ ያወጣው ዋጋ የዓለምን ቡና ነጋዴ ጉድ አሰኝቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍሬው ያልተባለ ነገር የለም። ስለ ፍሙ ግን አንድም ቀማሽ ትንፍሽ ሲል አልሰማሁም።

እሳቱ ተገኘ እንበል። ሥጋውስ?

አገሩ ለምለም ነው። እንግዳ ሰው ከመኪና ወርዶ ዙሪያውን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው "ይህን ሁሉ ሣር ማን ይበላዋል?" ነው። የሚበላው እንዳይበዛ የሚከለክል ዝንብ አለ። በባሮ አኮቦና በኦሞ ተፋሰስ ቆላ ቆላውን የያዘው ይህ ዝንብ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ከከብት ወደ ከብት ያዛምታል። ገንዲ የያዘው በሬ ለምለም ሣር መሐል ቆሞ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ሳይታከም ከቆየ ይወድቃል። በዚህ የተነሣ ሉካንዳ ቤት ተሰቅሎ የምናየው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከከፋ ደጋ የወረደ ወይ ገበያ ለገበያ እየተነዳ የመጣ መንገደኛ በሬ ነው። ጥሬ የሚወድ ሰው በዚህ ያዝናል። ወጥ ሠሪ ማዘን የለበትም። ብዙ የተጓዘ በሬ ጅማቱ ብዙ ነው፤ ጅማት ደግሞ በዝግታ ሲበስል ይሟሟና መረቁን ያወፍረዋል። ለስላሳ ሥጋ ወጥ ውስጥ ገብቶ ፈርሶ ይቀራል፤ የሚጠፋው ገንዘብ ነው።

ሉካንዳ ቤት የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ለጥሬ ነው ለወጥ?" ለጥሬ ያለ ሰው ቢላዋው ወደ ሻኛና ወደ ዳቢት ሲሄድ ያያል። ለወጥ ያለ ሰው የሚያየው የባለ ሉካንዳውን ፊት መፍካት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ይዞ የተከመረው አጥንት ባለቤት አገኛ! አንዱን ጉማጅ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥና "ይኼ ቅልጥም ነው፤ ወጥህን ወጥ የሚያደርገው እሱ ነው" ይላል። እውነቱን ነው። የሚያናድደው እውነቱን በሥጋ ዋጋ መሸጡ ነው። መድኃኒቱ ብልቱን በስሙ መጥራት ነው፤ "ጎድን ከነአጥንቱ፣ ትንሽ ፍሪምባ ጨምርበት" ያለ ሰው ይከበራል፤ "ለወጥ የሚሆን" ያለ ግን የተሰጠውን ተሸክሞ ይሄዳል።

በዓል ሲሆን ከዚህ ሁሉ ቅርጫ ይገላግላል። ጎረቤት አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ታርዶ ሲበለት ኮባ ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል፤ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለየመደቡ ይዳረሳል። ደልዳዩ ከአንዱ መደብ አንዲት ቁራጭ አንስቶ ሌላው ላይ ጣል ሲያደርግ የባለድርሻው ሁሉ ዓይን ከእጁ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ዕጣ ነው። ሁሉም የየራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ የቡና ቅጠል፣ አንዱ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ባጃጅ ነጂው ቁልፉን፣ ፊዚክስ አስተማሪው ፍላሹን። ፊቱን አዙሮ የቆየ ልጅ ይጠራና ምልክቶቹን እየተቀበለ መደቦቹ ላይ ያኖራል። ዕጣ ከወጣ በኋላ ማጉረምረም ነውር ስለሆነ ሁሉም የሚያጉረመርመው ቤቱ ገብቶ ነው። ይህ የመካፈል ልማድ ሥር የሰደደ መሆኑን ለማወቅ የፈለገ ክልላችንን ይመልከት፤ በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ከተማነቱን ለአንድ ከተማ መስጠት ከበደና ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ የየመደባቸውን ወሰዱ። ሻኛው ለማን እንደ ደረሰ እስካሁን ያከራክራል።

አሁን ሽንኩርት። ወጡ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቀይ ወጥን የሥጋ ወጥ የምንለው ለክብሩ ብለን ነው፤ በእኔ እምነት የሽንኩርት ወጥ ነው፣ ሥጋው እንግዳ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ቆጣቢ ይባላል፤ አንድ ኪሎ ተኩል የከተፈ ወጥ ሊሠራ ነው። ችግሩ ሽንኩርት ሚዛንን አይወዳትም። ፀሐይና መስኖ ለምዶ ያደገ ነው፣ ዝናብ ሲበዛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ መቂና ዝዋይን ከመሰለ አገር በጆንያ ታስሮ፣ በጅማ በቦንጋ ተንገላቶ፣ የመንገዱን ድካም ዋጋው ላይ ጽፎ ይደርሳል። በርበሬውም ያው ነው። በዚህ ደመና በርበሬ ላስጣ ማለት ሻጋታ ላርባ ማለት ስለሆነ የማረቆ በርበሬ ደርቆ፣ ተዘጋጅቶ በዚያው መኪና ይመጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአፋር ጨው አሞሌ ሆኖ በግመል፣ ከዚያም በበቅሎ ተጭኖ እስከ ከፋ ይመጣ ነበር፤ ሩቅ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየከበደ፣ ከማጣፈጫነት አልፎ ገንዘብም ይሆን ነበር። በመልሱ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ኮረሪማው ወደ ሰሜን ይጫን ነበር። (ሰውም ይነዳ ነበር፤ ስለዚያ ንግድ ኮረሪማውን ብቻ አንስቶ ማለፍ አይገባም።) ዛሬ በቅሎው በአይሱዙ ተተካ እንጂ ሥርዓቱ አልተነካም። ድስት ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ሁሉ ከሩቅ ይመጣል፤ መጨረሻ የሚገባው ሁሉ ከጓሮ ይቆረጣል። መንገድ የተዘጋ ዕለት መዓዛ ሞልቶን ወጥ እናጣለን።

ወደ ድስቱ እንመለስ። ሽንኩርቱ ዘይት ሳያይ በደረቁ ነው የሚቁላላው። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣና በላቡ ይበስላል። ከዚያ ይንጣጣል። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ብዙ ሰው ድምፁ ሲጠፋ ያለቀ መስሎት ይዘናጋል፤ ማማሰያው መፍጠን ያለበት ግን ያን ጊዜ ነው። የድስቱ ግርጌ ቡናማ ነገር መያዝ ይጀምራል፤ ጠብ ያደረጓት ሙቅ ውሃ ታስለቅቀዋለች፤ መልሶ ይይዛል፤ መልሳ ታስለቅቀዋለች። በእያንዳንዱ ዙር ሽንኩርቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ የሽንኩርት ሽታው እየለቀቀው የተጠበሰ ስኳር ነገር መሽተት ይጀምራል። ማን የት እንደ ተከተፈ እስከማይታወቅ ድረስ ሁሉም አንድ ይሆናል። ይህ ሲሆን አንድ ሰዓት አለፈ ማለት ነው፤ ሥጋው ገና ሳህን ላይ ነው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ድስት ሥር የቆመ ሰው ደግሞ የግቢ ንብረት ነው። በተለይ ወንድ ከሆነ። ያላለፈ የለም፣ ክዳን ያላነሣ የለም። እኛ ግቢ ያለው ሰው እንደ ሽንኩርቱ ከየአገሩ በመኪና የመጣ ስለሆነ ምክሩም ካርታ አለው።

"ትንሽ ዘይት ጣል ብታደርግበት ምን አለበት?" ይላል የጎጃሙ ተከራይ። የጤና ባለሙያ ነው፤ ዘይት ይጎዳል ብሎ ደመወዝ የሚበላ።

"ዘይት ምን ያደርጋል፤ ቅቤውን አሁን ነው" ይላሉ ሱቅ ያላቸው ጋሼ። ጉራጌ ናቸው፤ በቅቤ ጉዳይ የሚሟገታቸው ስለሌለ ዝም ይባላል።

"እሳቱን አንድደው እንጂ፣ በዚህ አያያዝ እስከ መስቀል ነው" ይላል ባጃጅ ነጂው።

ፍርዱ የአከራያችን ነው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን፤ ከበርጩማቸው ሳይነሡ ነው የሚፈርዱት። "ተዉት እስቲ! ልጄ፣ አንተም አትስማቸው። ሽንኩርት የሰው ምክር አይሰማም፤ እሳት ብቻ ነው የሚሰማው።"

በዚህ መሐል ፊዚክስ አስተማሪው ሳይጠየቅ ትምህርት ጀመረ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ምንም እንጨት ቢማገድ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሚዛን 1,450 ሜትር ግድም ላይ ስላለች 95 ትደርሳለች። ደብረ ብርሃን ከፍታው ስለሚበዛ ውሃው 90 ላይ ሲደርስ ይበቃዋል። ስለዚህ ያው ሥጋ እዚህ ቶሎ ይበስላል፣ እዚያ ይዘገያል።

እማማ አዳመጡና "እንግዲያ ደብረ ብርሃኖች ወጥ አይበሉማ?" አሉ።

"ይበላሉ እንጂ፤ ብቻ ይጠብቃሉ።"

"እኛስ መች ሳንጠብቅ በላን?"

ትምህርቱ በዚሁ አበቃ።

በርበሬው ከገባ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። በርበሬ ጥሬነቱ እስኪለቀው ጠብ ጠብ እየተደረገለት ይበስላል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላል፤ ኮባ ተጠቅልሎ ገበያ የመጣው ቅቤ ነጥሮ ይገባል፤ ሥጋው ይገባና ወዙን ያወጣል፤ ሙቅ ውሃ ይጨመርለትና ክዳኑ ይደፋል። ውሃው ሙቅ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ የደፋበት ሰው ያን ሁሉ ሰዓት የሠራውን ድስት አስደንግጦ አስተኛው። ክዳኑ ከተደፋ በኋላ ግን ወጡ የመንገድ ዕዳውን ጨርሶ አገር ገብቷል፤ ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ የዚሁ ልጅ ነው።

ኮረሪማን በዱቄት በፌስታል የሚያውቁ ያሳዝኑኛል። ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቅጠሉ ዝንጅብል መስሎ ይበቅላል፤ ፍሬው ላይ ላዩን ሳይሆን ግርጌው አጠገብ፣ መሬቱን ታክኮ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ልጆች እርጥቡን ይልጡና ጎምዘዝ ጣፈጥ የሚለውን ውስጡን ይመጡታል። ለገበያ ሲሆን በክር ይሰካና ይደርቃል። እዚህ ላይ ዝናቡ መልሶ ጣልቃ ይገባል፤ ፀሐይ ሲጠፋ ከምድጃ በላይ ይሰቀልና ጭስ ይጠጣል። ጭስ የጠጣውን መለየት ቀላል ነው፦ አንድ ፍሬ በጥርስ ሰበር አድርጎ ማሽተት ነው፤ አፍንጫን ቀዝቀዝ የሚያደርግ ጠረን ከወጣ ይገዛል፣ የወጥ ቤት ጣሪያ ከሸተተ ለባለቤቱ ይመለሳል። ጥምዝ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱም የዚሁ ጫካ ልጅ ነው፤ ግን ጭስ ካልጠጣ ማዕረግ የለውም። አንዱን ያበላሸ ጭስ ሌላውን ያሾመበትን ሕግ እስካሁን የነገረኝ የለም። ከቴፒ በኩል ቁንዶ በርበሬ አለ፤ ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሙቀጫ ሲገቡ ግቢው ሁሉ አንገቱን ያቀናል። እርድም ቴፒ ሞልቷል፤ እሱ ግን ለአልጫው ይቆይ።

አሁን የጠብ ጉዳይ። የራስ ጓሮ ሲሆን እጅ ይፈታል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ኮረሪማ በፍሬ ቆጥራ ነው የምትጨምረው፤ የተረፋትን መልሳ ትቋጥራለች። እዚህ የሚጨመረው በእፍኝ ነው። እኔ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ድስቱ ከእሳት ሊወርድ ሲል ብቻ፣ ተወቅጦ ወዲያው። ያን ያህል ዘመን እሳት ላይ የቆመውን ሽንኩርት በመጨረሻዋ ደቂቃ መሸፈን ግፍ ነው። ይህን ለባጃጅ ነጂው ሳስረዳው እሱ እናቱ ጓሮ የበቀለውን ወቅጦ ይዞ ቆሟል። አገሬው እሱ ነው፤ በኮረሪማ ጉዳይ እንግዳው እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ ኮረሪማው ያልታወቀ ወጥ በሽንኩርት የተቀባ ሥጋ ነው" አለና መልስ ሳይጠብቅ እፍኙን ገለበጠው። ወጥ መርገጥ ማለት ይኼ ነው። እማማ ክዳኑን ደፍተው "ሽታው ከመንገድ ድረስ ሄዷል፤ እንግዲህ እንጀራ ጨምሩ" አሉ።

እንጀራ ተባለ እንጂ አገሩ ከወጥ ጋር የሚያቀርበው ብዙ ነው። እማማ ቀይ ወጥ በቆጮ ካልሆነ አይሆንላቸውም፤ ቆጮው ቀጠን ብሎ ተጋግሮ፣ ትኩሱን። ባጃጅ ነጂው የተቀቀለ ጎደሬ ይዞ ይቀርባል። በጎደሬ ላይ ቅሬታዬን ልደብቅ አልችልም። እንጀራ መረቅ ይጠጣል፤ ጎደሬ መረቁን ላዩ ላይ ለብሶ ይቀመጣል፣ ግማሹም መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ግን ጎደሬ ሆድ ይይዛል፤ ሁለት ቁራጭ የበላ ሰው ሥጋ ላይ እጁ ይከብዳል፤ ባለ ድስት ደግሞ ይህን ጠባዩን ሳይወድለት አይቀርም።

የቀረው የቀኑ ጉዳይ ነው። ቀይ ወጥ በማንኛውም ቀን አይሠራም፤ ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብን፣ አቢይ ጾሙን 55 ቀን፣ ሌሎቹንም ሲደምር ከዓመቱ ከ180 ቀን በላይ ቅቤና ሥጋ አይቀምስም። ስለዚህ በሥራ ምክንያት ማክሰኞ ማታ የተሠራ ወጥ ቀጠሮ አለበት፤ ሌሊቱ ሳይጋመስ ማለቅ አለበት። አለቀ ቢባል ደግሞ ጥቂት ቁራጭ ሥጋና የድስቱ ወፍራም መረቅ ይተርፋል። ቀይ ወጥ ሌላው ጠባዩ ይኸው ነው፦ ሲያድር ነው የሚጥመው። ሌሊቱን በርበሬው ከቅቤው ይታረቃል፣ የጅማቱ መረቅ ይረጋል፣ የኮረሪማው ትዕቢት ይበርዳል፤ ጠዋት ሲሞቅ ማታ የተበላው ልምምድ የነበረ ያስመስለዋል።

ጠዋት ደግሞ ረቡዕ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ አለ። ማክሰኞ ማታ ሲጠሩ አባወራው "ጉባኤ አለን፣ ይቅርታ" ብሎ ይሄዳል። ረቡዕ ጠዋት ግን የሽሮ ሽታችን ከየቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታ ያበዛል። እማማ ምንም ሳይሉ ድስቱን አንስተው ይሰጡታል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ወጡ አድሮ እንደሚጥም አውቆ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ድስቱን በሁለት እጁ እንደ ያዘ፣ "አይ ወንድሜ፣ እኛ እንኳ ድስቱን ልናጥብላችሁ ብለን ነው" አለኝ፤ ከኋላው ልጁ እንጀራ ይዞ ቆሟል።